የሦስት ገንዘብ ድኻ

አንድ ዓይነት ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው ድኻ ቢሆን ድኽነቱ የተገለጠ ነው፤ ኪሱን ዳስሶ፣ ያገኘውን ቆጥሮ፣ የጎደለውን ዐውቆ፣ እንደ ጠባዩ ወይ ያዝናል ወይ ይበደራል። በጁባ የሚኖር አበሻ ግን በዶላር የተቀበለውን በደቡብ ሱዳን ፓውንድ እየመነዘረ የሚበላ፣ ሐሳቡንና ዘመዱን ደግሞ በብር የሚያስተዳድር ስለ ሆነ፣ ድኽነቱን እንኳ በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ሊጨርሰው አይችልም፤ በዶላር ሲያስበው መጠነኛ ሰው፣ በብር ሲያስበው ባለጸጋ፣ በፓውንድ ሲያስበው ባለ ሚሊዮን ሆኖ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ የሽንኩርት መግዣ አጥቶ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል።

አበሻ ወደዚህ ከተማ በብዛት መውረድ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በናይሮቢ የሰላም ውል ተፈርሞ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው ጦርነት ካበቃ ወዲህ ነው። ሆቴል የከፈተው፣ ምግብ ቤት ያቆመው፣ ከነጭ ዓባይ የተቀዳ ውሃ በቦቴ የሚያዞረው፣ ግንብ የሚገነባው፣ በየጥጉ ቡና የምታፈላው፣ ሁሉም «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» እያለ መጥቶ፣ አብዛኛው የሁለቱን ዓመት መጨረሻ እስከ ዛሬ ይጠባበቃል። እኔ በአንድ ሆቴል የሒሳብ መዝገብ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ በቤት እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የሌላውን ሰው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ የማውቀው እኔ ስሆን፣ የራሳችንን የምታውቀው እርሷ ናት። ይህ የሥራ ክፍፍል በምን ውል እንደ ተመሠረተ ባላስታውስም ሊሻሻል እንደማይችል ግን ተነግሮኛል።

ስለ ፓውንዱ ጥቂት ካልተናገርሁ ነገሩ አይገባም። አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ባወጀች በዘጠነኛው ቀን የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ በየኖቱም ላይ የጆን ጋራንግ መልክ ታተመ፤ አንዱ ዶላር በሦስት ፓውንድ ግድም ይመነዘር ስለ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ትልቁን ባለ 100 ኖት የያዘ ሰው ከ30 ዶላር በላይ በኪሱ አለና ደረቱን ነፍቶ ይራመድ ነበር። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ፤ የነዳጁ ገቢ ቀነሰ፤ በመንግሥት ተመንና በጎዳና ተመን መካከል ገደል ተከፈተ፤ በመጨረሻም ታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን ለገበያ ቢለቀው፣ ከሦስት ፓውንድ በታች የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 18 ከግማሽ ሆነ። በተከታዩ ዓመት የዋጋው ንረት ከመቶ 800 አለፈ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት መካከል ድፍድፉን ወደ ቀይ ባሕር የሚያደርሰው ቧንቧ ተሰበረና፣ ገቢው ሁሉ ማለት ይቻላል ከነዳጅ የሆነው መንግሥት ለሠራተኞቹ ወራት ሙሉ ደመወዝ መክፈል ተሳነው፤ ፓውንዱም ወደ ታች የሚያደርገውን ጉዞ ቀጠለ። ዛሬ ትልቁ ኖት ባለ 1000 ነው፤ እርሱም ሩብ ዶላር አይሞላም። ስለዚህ ወደ ኮኞ ኮኞ ገበያ የሚወርድ ሰው ገንዘቡን በከረጢት ይዞ፣ የገዛውን ሽንኩርትና ቲማቲም በኪሱ ሊመልሰው ምንም አይቀረው። በላስቲክ የታሠረውን የኖት እስር ማንም አንድ በአንድ አይቆጥረውም፤ እስሩ ሙሉ መሆኑን በእምነት ይቀበሉታል፤ በዚህ ዓለም ላይ እምነት ጠፋ የሚል ሰው መጥቶ የጁባን ገበያ ይመልከት።

ዶላሩ በአንጻሩ የሚመረመረው እንደ ብሉይ ኪዳን መሥዋዕት ነው፤ ነውር ያለበት አይቀርብም። ከ2006 በፊት የታተመ (ዓመቱ የፈረንጆች ነው) ዕድሜው ስለ ገፋ ይመለሳል፤ ጥግ ላይ ቀለም የነካው፣ መሀል ላይ የታጠፈ፣ ከኋላ በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ሁሉም ይመለሳል፤ ባለ አምስቱና ባለ አሥሩ ቢቀበሉትም ከባለ መቶው ባነሰ ተመን ነው። ደመወዜን ስቀበል በመዝገብ ቤት ሰዎች ፊት እያንዳንዱን ኖት ወደ ብርሃን አንሥቼ ስመለከት ያየኝ እንግዳ፣ አሠሪዬን በሐሰተኛ ገንዘብ የጠረጠርሁ ይመስለዋል፤ እኔ የምመረምረው ግን እውነተኛነቱን ሳይሆን መልኩን ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ብሩ፣ በኪሳችን የሌለ ግን ስልካችንን የማይለቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 በላይ ሆነ። በዚያው ሰሞን አንዲት የባለቤቴ አክስት ከአዲስ አበባ ደውለው፣ ከሰላምታ በፊት «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉን። ልጅ የተወለደልን መስሏቸው እንዳይሆን ብዬ ብደነግጥ፣ ለካስ የደስታው ምክንያት ምንዛሪው ኖሯል፤ ደመወዛችን ሳይጨመር በእጥፍ የተጨመረልን መሆኑን ከኛ ቀድመው ተረድተው፣ የአያታችንን ተዝካር በዚያው መጠን ከፍ አድርገው አስበውት ነበር። በእርሳቸው ሒሳብ ዶላር ወደ ብር ሲለወጥ ያድጋል፤ በጁባ ያለው የቤት ኪራይ፣ የቦቴ ውሃና የመብራት ካርድ ግን የአዲስ አበባን ዜና አልሰሙምና አንድ ሳንቲም አልቀነሱልንም።

እንግዲህ ወደ ዕዳው ልግባ። የቤት ኪራይ በዶላር ነው፤ ባለ ቤቱም የሦስት ወሩን በቅድሚያ ካልሆነ አይቀበልም። እቁባችንም በዶላር ነው፤ ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ወጣልን ደስ ብሎን ገንዘቡን በልተን፣ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሳችን በየሳምንቱ ፊታችንን የሚያዩ ባለ መብቶች ሆነዋል። (የእቁብ ዕጣ ቀድሞ የወጣለትን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል፤ ተበዳሪ መሆኑን የሚነግረው ግን የለም፤ የመጨረሻውን ዕጣ የሚወስደው ምስኪን ነው ወለድ የሌለው አበዳሪ።) ለአውሮፕላን ቲኬት ከአንድ ወዳጅ የተበደርነው አለ፤ ይህም ዶላር ነው። በመጨረሻ ከዳርፉር የመጣው የሰፈራችን ባለ ሱቅ ዱቤ አለ፤ ይህ ብቻ በፓውንድ ነበር።

ነበር ማለቴ በምክንያት ነው። በጁባ ስንት አለብህ ከማለት ይልቅ በምን አለብህ ማለት ይቀድማልና፣ ከታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በፊት 3000 ፓውንድ የተበደረ ሰው 1000 ዶላር ያህል ነበረበት፤ ተኝቶ ሲነሣ ግን ያው 3000 ፓውንድ 162 ዶላር ሆነለት፤ ሳይከፍል ከአምስት እጅ አራቱን ተከፈለለት። በዚያው ሌሊት በዶላር ተበድሮ በፓውንድ ደመወዝ የሚቀበለው ጎረቤቱ ደግሞ ስድስት እጥፍ ባለ ዕዳ ሆኖ ተነሣ። ሁለቱም ምንም አላደረጉም፤ አንዱ ጸደቀ፣ አንዱ ተኰነነ።

ይህን ነገር አንድ መሪጌታ ወዳጄ ዘንድ ይዤ ሄጄ፣ «አባቴ፣ ቁጥሩን ሙሉ አድርጎ የመለሰ ሰው ዕዳውን ከፍሏል ወይስ አልከፈለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፍትሐ ነገሥት ወለድ የሚበላውን ይከለክላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2479 ወለዱ ከመቶ 12 እንዳያልፍ ይወስናል፤ የጥንቱም ልማድ አበዳሪንና ተበዳሪን በነጠላ ጫፍ አቆራኝቶ ወደ ዳኛ ይሰድድ ነበር፤ እንግዲህ ሕጉም ልማዱም አበዳሪው ተበዳሪውን እንዳይጎዳ፣ ተበዳሪውም እንዳይጠፋ ሲጠነቀቁ፣ ገንዘቡ ራሱ በመካከላቸው ሊጠፋ እንደሚችል ያሰበ አንድም ሊቅ አላገኘሁም አልኋቸው። መሪጌታው ጥቂት አሰቡና፣ «በሬ ተበድሮ ቆዳውን የመለሰ ሰው ‹በሬህ ይኸው› ቢልህ ትቀበለዋለህ?» አሉኝ። «አልቀበልም» አልሁ። «እንግዲያውስ ለባለ ሱቁ በሬውን መልስ» ብለው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

ባለ ሱቁ ግን የመሪጌታውን ፍርድ ሳይጠብቅ የራሱን ደንግጎ ኖሯል። ከጊዜ በኋላ በደብተሩ ላይ ገንዘብ መጻፍ አቆመና ዕቃውን ይጽፍ ጀመር፤ ስኳር ሁለት ኪሎ፣ ዘይት አንድ ሊትር፣ ሳሙና ሦስት፤ ስትከፍል ደግሞ በከፈልህበት ቀን ዋጋ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በብዙ መጽሐፍ የሚከራከሩበትን ነገር እርሱ በአንድ እርሳስ ፈጸመው። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ ኋላ ቀሮች ነበሩ የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ከአሁን በኋላ በዚህ ክርክር አልገባም።

የበጀት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ በሙያዬ መሠረት ዓመታዊ በጀት አውጥቼ፣ ገቢና ወጪን በሁለት ዓምድ አሰልፌ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ጽፌ በግድግዳ ላይ ልለጥፍ ስል ባለቤቴ አየችና፣ «ይህ ለስንት ጊዜ ነው?» አለችኝ። «ለዓመት።» «የሽንኩርትን የሐሙስ ዋጋ ታውቀዋለህ?» «አላውቅም።» «እንግዲያው ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ያለውን ንገረኝ፤ ሌላውን እግዜር ያውቃል።» በእርግጥም ሽንኩርቱና ጎመኑ ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል በ192 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት የሚመጣ ሲሆን፣ በዚያ መንገድ ላይ ተኩስ ተሰማ የተባለ ዕለት የቲማቲሙ መደብ ከአምስት ፍሬ ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ዋጋው ግን አይወርድም።

ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ያለውን መቁጠር ቀላል የሚመስለው ባሕረ ሐሳብ ያልተማረ ነው። ዲያቆኑ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ፣ ከተረፈው አንድ ቀንሶ ወንበሩን ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲገድፍ አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲገድፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ የሁለቱም ድምር ሁልጊዜ 30 ነው። አባቶቻችን ፀሐይንና ጨረቃን አስማምተው በ30 ሲያሳርፉአቸው፣ እኔ የአንድ ቤት ገቢና ወጪ በ30 ቀን ላይ አስማምቼ ለማሳረፍ እስካሁን አልሆነልኝም። ችግሩም ከፊሉ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በአገራችን ደመወዝተኛው ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ያሳልፋል፤ ይህን ስሸሽ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጥቼ ዳንሁ ስል፣ ፈረንጅ 31 ቀን ያላቸው ሰባት ወሮች እንዳሉት አሰብሁና፣ በዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣውን ጳጉሜን በሰባት የአንድ ቀን ጳጉሜኖች እንደ ለወጥኋት ተረዳሁ። በዓላቱ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር መምጣታቸውን አልተዉም፤ ደመወዝ በፈረንጅ ወር መጨረሻ ሲገባ፣ እንቁጣጣሽ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ገና ከሳምንት በኋላ እየመጡ፣ ገንዘቡ ገና ቤቱን ሳይለምድ ያገኙታል።

የባለቤቴ ሥርዐት ግን እንዲህ ነው። ደመወዝ የገባ ዕለት ከቀትር በፊት ሁለት ነገሮች ይፈጸማሉ። መጀመሪያ የዕዳው ድርሻ ከሁሉ በፊት እንደ አሥራት ይነሣል፤ «ከተረፈ እንከፍላለን» የሚባለው ቃል በቤታችን እንደ ክህደት ይቆጠራል፤ ተርፎ አያውቅምና። ቀጥሎ በፓውንድ ያለው ሁሉ ወዲያው ዱቄት፣ ዘይት፣ ከሰልና የበርሜል ውሃ ይሆናል፤ ፓውንድ በመሳቢያ ውስጥ ባደረ ቁጥር ከስቶ ይገኛልና፤ ዱቄት ግን በነቀዝ ካልሆነ አይቀንስም፤ ነቀዝ ደግሞ ከገበያው ይልቅ ርኅሩኅ ነው። የቀረው ጥቂት ዶላር በቀኖቹ ቁጥር ይከፈልና ለየሳምንቱ በወረቀት ይጠቀለላል።

የማንን ዕዳ እናስቀድም በሚለው ላይ ግን ብዙ ተከራክረናል። እኔ ትልቁ ይቅደም፣ እርሱ ከጎደለ ሌላው ቀላል ነው ስል፣ እርሷ፣ «አንተ የዕዳውን ቁጥር ታያለህ፤ እኔ የአበዳሪውን ፊት አያለሁ። የቲኬቱ ወዳጅህ ያለው ናይሮቢ ነው፤ ባለ ሱቁ ያለው በራችን ላይ ነው» አለች። በሒሳብ ደንብ ብንሄድ ሁለታችንም ልክ አልነበርንም፤ ዶላሩም ሸቀጡም ወለድ አልነበረውምና ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም። ነገር ግን ከደመወዝ ወደ ደመወዝ የሚሻገር ቤት በድልድዩ መካከል ላይ ውሃ ቢያልቅበት የሚጮኸው ወደ ናይሮቢ አይደለም፤ ስለዚህ እቁቡ በዋሱ ምክንያት አንደኛ፣ ባለ ሱቁ በበራችን ምክንያት ሁለተኛ፣ ናይሮቢ ያለው ወዳጄ በትዕግሥቱ ምክንያት መጨረሻ ሆነው ተመደቡ። ትዕግሥተኛ ሰው በሁሉም ቤት መጨረሻ ላይ የሚሰለፍ መሆኑን አይቼ እኔ ራሴ ለማንም ሳበድር ትዕግሥት እንደሌለኝ አስመስላለሁ።

ወጪ ለመቀነስ ያሰብነው ሁሉ አልተሳካም ማለት አይደለም። በአገራችን ጾም ለነፍስ ስንቅ፣ ለኪስ ደግሞ ዕረፍት ነው፤ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ብቻ አንድን ቤት ከዕዳ ሊያወጡት ይችላሉ። በጁባ ግን ሽሮውና በርበሬው በአውሮፕላን ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ፣ የጾሙ ወጥ ከፍስኩ ወጥ የሚወደድበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ ከነጭ ዓባይ የወጣው ዓሣ፣ ትኩስ ሆኖ፣ ረክሶ፣ በገበያው ላይ ተዘርግቶ ያየናል። ዓሣ ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ብዙ ያከራከረ መሆኑን ስለማውቅ፣ ክርክሩን በቤቴ ቀስ ብዬ አነሣሁት፤ ባለቤቴም ወደ መሪጌታው መራችኝ። መሪጌታው ከመጽሐፍ አንድ ቃል ሳይጠቅሱ፣ «ይህ ጥያቄ የመጣብህ ደመወዝ ከተቀበልህ በስንተኛው ቀን ነው?» አሉኝ። በሃያ አራተኛው መሆኑን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ይህ የሃይማኖት ጥያቄ አይደለም» ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ በኋላ ሽሮው ቀጠነ፤ ጎመኑ በዛ፤ ጾሙም ተፈጸመ።

ወሩ እንዲህ በወር ላይ እየተደረበ፣ የአያታችን ተዝካር በመጠኑ ተደግሶ፣ እቁቡ ተከፍሎ አልቆ፣ የባለ ሱቁም ደብተር ገጹ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ዘይትና ሳሙና በዕለቱ ዋጋ አስልተን፣ የፓውንዱን እስር በከረጢት ይዘን፣ እኔና ባለቤቴ ሱቁ ድረስ አብረን ወረድን። ባለ ሱቁ ገንዘቡን ተቀበለ፤ በስማችን ላይ ረጅም መሥመር አሰመረ፤ ፊቱ ግን እንደ ጠበቅነው አልበራም።

«ያ ሐበሺ» አለኝ፣ «መቼ ነው የምትሄዱት?»

«ወዴት?»

«አገራችሁ ነዋ። ጦርነቱ ሲነሣ፣ በፈረንጆቹ 2013 ታኅሣሥ፣ ዕዳውን ሙሉ የከፈለኝ ጎረቤት በማግሥቱ አልነበረም። በፈረንጆቹ 2016 ሐምሌም ውጊያው ሲያገረሽ እንዲሁ፤ የከፈሉኝ ሁሉ ሄዱ፤ የቀሩት ያልከፈሉት ናቸው። የሰማችሁት ነገር ካለ ለእኔም ንገሩኝ፤ እኔም ዕቃዬን ልሰብስብ።»

ምንም እንዳልሰማን፣ የትም እንደማንሄድ፣ ዕዳችንን የከፈልነው ዕዳ ስለ ሆነ ብቻ መሆኑን ብንነግረው አላመነንም። ሁለት ደንበኞች ንግግራችንን ሰምተው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ፤ አንደኛው ስልኩን አወጣ። ነገሩ ከኛ ዐልፎ የከተማ ወሬ ሊሆን መቃረቡን ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ተረዳችና፣ ወደ መደርደሪያው ጠቁማ፣ «ሁለት ኪሎ ስኳር ስጠን፤ እርሱን ጻፈው» አለችው። ባለ ሱቁ ስኳሩን መዝኖ፣ ደብተሩን ከፍቶ፣ ከረጅሙ መሥመር በታች ስማችንን እንደገና ጻፈና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ስልኩን ያወጣውም ሰው ወደ ኪሱ መለሰው።